በውሃ የሚሠራ የቢላና የመሮ መሳያ ማሽን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ዝግ ብሎ በሚዞርና ግርጌው ውሃ ውስጥ በተነከረ ድንጋይ ቢላ፣ መሮና የመላጊያ ምላጭ ለሚስሉ ሰዎች የተጻፉ ናቸው።

ይህ ማሽን ከተራው ግራይንደር በምን ይለያል?

በፍጥነትና በሙቀት። 150 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ያለው ተራ ግራይንደር በደቂቃ 2,900 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ የድንጋዩ ፊት በሰከንድ 23 ሜትር ያህል ይሮጣል ማለት ነው። በውሃ የሚሠራው ማሽን 250 ሚሊ ሜትር ድንጋዩን በደቂቃ 90 ጊዜ ብቻ ስለሚያዞር የፊቱ ፍጥነት በሰከንድ 1.2 ሜትር አካባቢ ነው። በ1973 የተመሠረተው የስዊድኑ ቶርሜክ በዚህ ዓይነት ማሽን የታወቀ ነው፤ ዛሬ ሼፓህ፣ ጄት፣ ዌንና ሌሎችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ።

የፍጥነቱ ልዩነት ስለቱን የሚነካው በሙቀት በኩል ነው። የካርቦን ብረት መሮ ግሎ ከተነከረ በኋላ እንዳይሰባበር ከ180 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ እንደገና ይሞቃል። ከዚያ በላይ ሙቀት ካገኘው ይላላል። ግራይንደር ላይ ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ ካዩት 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ፈጥነው ውሃ ውስጥ ቢነክሩትም የሄደው ጥንካሬ አይመለስም። ሰማያዊው ክፍል ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ መሮው በሳሉት ማግስት ይዶለዱማል። በውሃ የሚሠራ ማሽን ይህን አያደርግም። በምትኩ ዝግተኛ ነው፤ ጫፉ የተሰበረ ቢላ ወይም በጣም የተጎረደ መሮ እንደገና ለመቅረጽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ባለ 200 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ልግዛ ወይስ ባለ 250?

ለቤት ቢላና አልፎ አልፎ ለሚሳል መሮ ባለ 200ው ይበቃል። የቶርሜክ ቲ-4 ድንጋይ 200 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 40 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የቲ-8 ደግሞ 250 በ50 ነው። ትንሹ በደቂቃ 120 ጊዜ ስለሚዞር የፊቱ ፍጥነት ከትልቁ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ የሚታየው ሞተሩ ላይ ነው፦ ትንንሾቹ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ በየመሃሉ እረፍት ይፈልጋሉ። ለስንት ደቂቃ ያለ እረፍት መሥራት እንደሚችሉ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። ለሥጋ ቤት፣ ለምግብ ቤትና ለእንጨት ሥራ ቤት ባለ 250ው ይሻላል።

ማሽኑን ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ይዤ ብመጣ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል?

የአሜሪካው በቀጥታ አይሠራም። እዚያ መስመሩ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ቮልቴጁን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲነዳ ፍጥነቱ በስድስተኛ ይቀንሳል፣ በደቂቃ 90 የነበረው 75 ይሆናል። ዝግታውን መቻል ይቻላል፤ ከባዱ ነገር ሞተሩ ከልክ በላይ መጋሉ ነው። ለአንድ ቢላ ቢችልም ለቀን ሥራ አይሆንም።

ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከኤምሬትስ የሚመጣ ማሽን ቮልቴጁም ኸርዙም ይስማማል። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን 60 ኸርዝ ስለምትጠቀም እዚያ የተገዛውን ሰሌዳውን ሳያነቡ አያምጡ፤ «50/60» የሚል ከሆነ ችግር የለውም። ሌላው ጉዳይ የመሬት ሽቦ ነው። ውሃ ያለበት ማሽን ነውና የመሬት መስመር በሌለው ማከፋፈያ ላይ አይሰኩት። ገመዱም ከማከፋፈያው በታች ጎብጦ እንዲወርድ ያድርጉ፤ በሽቦው የሚወርድ ውሃ ከጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም።

ምን ዓይነት ውሃ፣ ምን ያህልስ ልጨምር?

የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ገንዳውን ሞልተው ወደ ላይ ያንሡትና ማሽኑን ያስነሡ። ደረቅ ድንጋይ እንደ ስፖንጅ ውሃ ስለሚጠጣ የገንዳው ውሃ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ዝቅ ይላል፤ ጨምሩበት። መጠጣቱን ሲያቆምና ፊቱ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ሲታይ ሥራ መጀመር ይቻላል። ሽፋኑ መሃል ላይ ከተቋረጠ ውሃው አንሷል። በሥራ መሃልም ውሃው ስለሚቀንስ አንድ ጆግ ውሃ በአጠገብዎ ይኑር።

ሳሙና፣ ዘይት ወይም ናፍጣ አይጨምሩ። ዘይት የድንጋዩን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ አንዴ የጠጣ ድንጋይ ደግሞ ውሃ አልቀበልም ይላል። አካባቢው ጨው ያለበት ውሃ ከሆነ ከገንዳው ጠርዝ ነጩ ቅርፊት ሲጋገር በሎሚ ወይም በአቼቶ ይለቃል፤ ድንጋዩን ግን አቼቶ አይንኩት።

ድንጋዩ ወደ ስለቱ ነው የሚዞረው ወይስ ከስለቱ የሚሸሸው?

ድንጋዩ ላይ ሁለቱም ይቻላል። ወደ ስለቱ ሲመጣ ፈጥኖ ይበላል፣ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ትርፍ ብረትም ያንሳል። ለመሮ፣ ለመላጊያ ምላጭና በመያዣ (ስለቱን በቋሚ ማዕዘን በሚይዝ መሣሪያ) ለተያዘ ትልቅ ቢላ ይህን ይምረጡ። ከስለቱ ሲሸሽ ቀስ ይላል፣ ትርፍ ብረቱም ይበዛል፤ ግን ስለቱ ድንጋዩን ሊቆርጠው አይችልም። ለትንሽ ቢላ፣ ለሰንጢና ያለ መያዣ በእጅ ለሚሳል ሁሉ ይህኛው ነው።

ከድንጋዩ በኋላ ስለቱ የሚወለወልበት የቆዳ ጎማ ላይ ግን ምርጫ የለም። ቆዳው ሁልጊዜ ከስለቱ መሸሽ አለበት። በተቃራኒው ከያዙት ስለቱ ቆዳውን ይወጋና ቢላውን ከእጅዎ ይነጥቃል።

ስንት ዲግሪ ልሳለው?

ለተለመደ የወጥ ቤት ቢላ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ። ቲማቲምና ጥሬ ሥጋ ለሚቆርጥ ስስ ቢላ 15 ዲግሪ። አጥንት ለሚመታ የሥጋ ቤት ቢላ 25 ዲግሪ፤ ከዚያ ካነሰ በመጀመሪያው አጥንት ይጎረዳል። ጠንካራ የጃፓን ቢላዎች 15 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይችላሉ፤ ለስላሳ ብረት ያለውን ርካሽ ቢላ በ15 ቢስሉት ግን ጠርዙ ወዲያው ይጣጠፋል።

በእጅ ብቻ ለሚገፋ ስስ መሮ ከ20 እስከ 25፣ በመዶሻ ለሚመታ ተራ መሮ ከ25 እስከ 30፣ ጥልቅ ጉድጓድ ለሚቆፍር ወፍራም መሮ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። ለመላጊያ ምላጭ 25 ዲግሪ ጥሩ መነሻ ነው። ጠንካራ እንጨት ላይ ጠርዙ እየተጎረደ ካስቸገረ 5 ዲግሪ ጨምሩ፤ ድንጋዩን ከመቀየር ይቀላል።

ማዕዘኑን እንዴት አውቃለሁ?

አዲስ ማዕዘን ማውጣት ካልፈለጉ ቀላሉ መንገድ ማርከር ነው። የስለቱን ተዳፋት፣ ማለትም ወደ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄደውን ፊት፣ በሙሉ በጥቁር ማርከር ይቀቡ። ቢላውን ወይም መሮውን በመያዣው ላይ ያስቀምጡና ድንጋዩን በእጅ ሩብ ዙር ያህል ያዙሩት። ቀለሙ የተላጠው ከላይ ከሆነ፣ ማለትም ከስለቱ ርቆ ከሆነ፣ ማዕዘኑ ጠቧል። ስለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ከተላጠ ሰፍቷል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ከተላጠ ትክክል ነው። መያዣው የሚያርፍበትን መደገፊያ ዘንግ በዚህ ምልክት እየተመሩ ከፍና ዝቅ ያድርጉት።

አዲስ ማዕዘን ሲያወጡ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የማዕዘን መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው የድንጋዩን ዲያሜትር ስለሚጠይቅ በመጀመሪያ በማስመሪያ ይለኩት። ድንጋዩ በየጊዜው ይበላል፤ 250 ብለው የሞሉት መለኪያ ድንጋዩ 220 ሲደርስ ይዋሽዎታል። ባለፈው ወር ያስቀመጡትን የዘንግ ከፍታ በእምነት መጠቀም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

የወጥ ቤት ቢላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ይሳላል?

ቢላውን አጥበው ያድርቁት፤ ስብ ያለበት ቢላ ከመያዣው ውስጥ ይንሸራተታል። መያዣውን በቢላው ጀርባ በኩል፣ የስለቱ ርዝመት እኩሌታ አካባቢ ያጥብቁት። በማርከር ማዕዘኑን ያረጋግጡ። ማሽኑን ካስነሡ በኋላ ከእጀታው በኩል ያለውን የስለቱን ጥግ ድንጋዩ ላይ ያሳርፉና ሳይቆሙ ወደ ጎን ይሳቡ። 20 ሴንቲ ሜትር ስለት ከጥግ እስከ ጫፍ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ቢወስድ ጥሩ ፍጥነት ነው። የጣትዎ ጫና ከስለቱ በላይ፣ በትክክል ድንጋዩ በሚነካው ቦታ ይሁን። እጀታውን ብቻ ከተጫኑ ጫፉ ሳይነካ ይቀራል።

ስለቱ ወደ ጫፉ መጉበጥ ሲጀምር እጀታውን ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉት፤ ዓላማው ስለቱ የትም ቦታ ላይ ድንጋዩን በአግድም እንዲያገኘው ነው። ጫፉ ድንጋዩ መሃል ሲደርስ ይቁሙና ያንሡት። ጫፉን ከድንጋዩ ጠርዝ አሳልፈው ከሳቡት በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይከብብና ሹልነቱ ይጠፋል።

አንዱን ጎን በስለቱ ርዝመት በሙሉ ትርፍ ብረት እስኪያወጣ ድረስ ይሳሉ፤ ከዚያ ይገልብጡ። በሁለተኛው ጎን ትርፍ ብረቱ ወደ ሌላው ፊት ሲዞር የመጀመሪያው ምዕራፍ አልቋል። ድንጋዩን ወደ ልሙጥ ይቀይሩና (አቀያየሩ ከታች አለ) በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀላል እጅ ያሳልፉት። መጨረሻ ላይ ቆዳው ላይ ጎን እያፈራረቁ፣ ትርፍ ብረቱ እስኪጠፋ ድረስ ይወልውሉ። ቢላውን በሳሙና ሳያጥቡ ለምግብ አይጠቀሙበት፤ የመወልወያው ፓስታና የድንጋዩ ዱቄት ላዩ ላይ አለ።

ትርፍ ብረት የምትሉት ምንድን ነው? መውጣቱንስ እንዴት አውቃለሁ?

ድንጋዩ ተዳፋቱን በልቶ ስለቱ ጫፍ ሲደርስ የመጨረሻው ስስ ብረት አይቆረጥም፤ ወደ ሌላኛው ፊት ይታጠፋል። ያ ነው ትርፍ ብረቱ። መውጣቱ ደግሞ ድንጋዩ እውነትም ጠርዙ ላይ እንደደረሰ የሚናገር ብቸኛው አስተማማኝ ምልክት ነው። ከመውጣቱ በፊት የሚገለብጥ ሰው ተዳፋቱን ያሳምራል እንጂ ቢላውን አይስለውም።

ለማወቅ የጣትዎን ጫፍ ከቢላው ጀርባ ወደ ስለቱ፣ ከስለቱም ወደ ውጭ ይሳቡ። ጣትዎ ጠርዙ ላይ ጥቂት ከተያዘ አለ። በስለቱ ርዝመት ፈጽሞ አይሂዱ። ጣትዎ በሥራ የደነደነ ከሆነ ጥጥ ይጠቀሙ፤ ጥጡን ሲያሳልፉት ክሮቹ ይቀራሉ። መብራትም ይረዳል፦ ስለቱን ወደ ላይ አዙረው በስልክ መብራት ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ነጭ መስመር ካለ እዚያ ቦታ ገና ዱልዱም ነው። የሰላ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም።

የቆዳውን ጎማ እንዴት ላዘጋጅ? ባልጠቀምበትስ?

አዲስ ቆዳ ደረቅ ስለሆነ ፓስታ አይቀበልም። ማሽኑ ቆሞ ሳለ የስፌት መኪና ዘይት ጠብታ ጠብታ እያደረጉ ዙሪያውን ያዳርሱ። ቆዳው ይጨልማል እንጂ መርጠብ የለበትም። ከዚያ የመወልወያውን ፓስታ እንደ ጥርስ ሳሙና በስሱ ያውጡ፣ በጣት ያዳርሱ፤ ማሽኑን ያስነሡና አንድ አሮጌ ብረት በቀስታ አሳርፈው ያሟሹት። ከዚያ በኋላ በየአምስት ስድስት ቢላው ጥቂት ፓስታ ይጨምሩ። ቆዳው ጠቁሮ ማንሸራተት ሲጀምር አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ያለሰልሰዋል።

ቆዳውን መዝለል አይመከርም። ከድንጋይ የወጣ ስለት ወረቀት ሊቆርጥ ይችላል፤ የሚቆርጠው ግን በትርፍ ብረቱ ነው። ያ ብረት በመጀመሪያው ሽንኩርት ላይ ይታጠፍና ቢላው ወዲያው የዶለዶመ ይመስላል።

መሮና የመላጊያ ምላጭ ሲሳሉ ከቢላ ምን ይለያቸዋል?

መሮ የሚሳለው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ስለቱ የሚፈጠረው ግን ሁለት ፊቶች ሲገናኙ ስለሆነ የጀርባው ፊት ጠፍጣፋና ልሙጥ ካልሆነ ተዳፋቱ የቱንም ያህል ቢያምር ከንቱ ነው። አዲስ የተገዛ መሮ ጀርባው ላይ የፋብሪካ ጭረት አለው፤ አንዳንዱም ጎባጣ ነው። ወፍራም መስተዋት ላይ ከ220 ጀምሮ እስከ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ይበልጥ ልሙጥ ነው) ዘርግተው፣ ውሃ ረጭተው፣ ከስለቱ ወደ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህሉ እኩል እስኪያበራ ድረስ ጠፍጥፈው ያሹት። ይህ ለአንድ መሮ አንዴ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጀርባው የሚነካው ትርፍ ብረት ለማንሣት ብቻ ነው። በሚያሹበት ጊዜ እጀታውን ፈጽሞ ከፍ አያድርጉ፤ ጠርዙ ከከበበ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ይመጣል።

መሮውን በመያዣው ሲያጥብቁ ከመያዣው የጎን ግድግዳ ጋር አስጠግተው ያስቀምጡት፤ ያን ጊዜ ስለቱ ቀጥ ይላል። ጎኖቹ ትይዩ ያልሆኑ መሮዎች ስላሉ ጥቂት ከሳሉ በኋላ በ90 ዲግሪ ማዕዘን (ስኳድራ) ይፈትሹት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ በከፍተኛው ጎን ጣት ጨምረው ይጫኑ። በድንጋዩ ስፋት ሁሉ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት፣ ቢያንስ የስለቱ እኩሌታ ግን ምንጊዜም ድንጋዩ ላይ ይቆይ። አንድ ቦታ ከቆሙ ድንጋዩ ላይ ቦይ ይቆፈራል፣ ቦዩም በሚቀጥለው ምላጭ ላይ ይታተማል።

ክብ ድንጋይ ተዳፋቱን በትንሹ ጎድጓዳ ያደርገዋል። ብዙ አናጺዎች ይህ ስለቱን ያሳሳዋል ብለው ይፈራሉ። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሮ በ25 ዲግሪ ሲሳል ተዳፋቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በ250 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ላይ የጉድጓዱ ጥልቀት 0.09 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከአንድ የወረቀት ውፍረት የማይበልጥ። ይህ ስለቱን አያዳክመውም። በኋላ በእጅ ድንጋይ ሲያድሱት ደግሞ መሮው በሁለት ጠርዞቹ ስለሚቆም ሳይንቀጠቀጥ በፍጥነት ይሳላል።

አንድ ድንጋይ እንዴት ሸካራም ልሙጥም ይሆናል?

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ በተፈጥሮው 220 ቁጥር ነው። ሁለት ፊት ያለው የማስተካከያ ድንጋይ አብሮት ይመጣል። ልሙጡን ፊት በሚዞረው ድንጋይ ላይ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ከተጫኑት የእህሎቹ፣ ማለትም ብረት የሚበሉት ደቃቅ ቅንጣቶች፣ ጫፍ ይደፈንና ድንጋዩ እንደ 1000 ቁጥር ይሠራል። ሸካራውን ፊት ሲጫኑ ወደ 220 ይመለሳል። ስለዚህ ድንጋዩ የትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳያውቁ አይጀምሩ። ልሙጥ በሆነ ድንጋይ አዲስ ማዕዘን ለማውጣት መታገል ሰዓት ይፈጃል።

ድንጋዩ ብረት መብላት አቆመ። አርጅቶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አላረጀም፣ ተደፍኗል። በጣትዎ ሲዳስሱት እንደ ሳህን ልሙጥ ከሆነና ፊቱ ላይ ግራጫ የብረት ጥላ ካዩ እህሎቹ መሃል ብረት ሞልቷል። ሸካራውን የማስተካከያ ፊት ውሃ እየፈሰሰበት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነው ከጎን ጎን ያንቀሳቅሱት። የገንዳው ውሃ ነጭ ሲሆን አዳዲስ እህሎች ወጥተዋል። «ማሽኑ አይስልም» የሚለው አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ቢላውንም ማዕዘኑንም ከመውቀስ በፊት።

ድንጋዩ ከጸዳ በኋላም የማይበላ ከሆነ ብረቱን ይመልከቱ። ኤችኤስኤስ የሚባለው ሙቀት የሚችል ጠንካራ የመሣሪያ ብረት በዚህ ድንጋይ ይሳላል ግን ቀስ ይላል፤ ለእርሱ ጥቁሩ የሲሊኮን ካርባይድ ድንጋይ ይሻላል። የሴራሚክ ቢላና የካርባይድ ጫፍ ያለው መሣሪያ በሁለቱም አይሆንም፤ የአልማዝ ጎማ ይፈልጋል።

ቢላው ድንጋዩ ላይ ይዘላል፣ መያዣውም ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ?

ድንጋዩ ክብነቱን አጥቷል። ማሽኑ ሲዞር መያዣውን ሳይጫኑ አሳርፈው ድምፁን ይስሙ፤ በዙር አንዴ «ጠቅ» የሚል ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ አለ። አልማዝ ጫፍ ያለው መቅረጫ መደገፊያው ዘንግ ላይ ይገጠማል። ገንዳው ሞልቶ፣ መቅረጫው ከፍተኛውን ቦታ እስኪነካ ድረስ ብቻ ዘንጉን ዝቅ ያድርጉ። በአንድ ጉዞ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ አይቁረጡ። ከጎን እስከ ጎን አንድ ደቂቃ ያህል ወስደው፣ በእኩል ፍጥነት ይሂዱ። ፈጥነው ከሄዱ ድንጋዩ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ ያለ ጠመዝማዛ ይቀራል። ድንጋዩ በሙሉ እስኪነካ ድረስ ይድገሙት፤ ከዚያ በማስተካከያው ድንጋይ ይለስልሱት።

ክብነት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋው ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ትተው ሲሄዱ ነው። የተነከረው ጎን ከባድና ለስላሳ ይሆናል፣ ሲዞርም ያ ጎን ፈጥኖ ይበላል። ሥራ ሲያበቁ ገንዳውን ዝቅ ማድረግ አሥር ሰከንድ ይወስዳል።

ሞተሩ ይዞራል፣ ድንጋዩ ግን ስጫነው ይቆማል። ሞተሩ ተቃጥሏል?

አልተቃጠለም። በአብዛኞቹ እነዚህ ማሽኖች ቺንጋ የለም፤ የሞተሩ ዘንግ ከቆዳው ጎማ ጎን ያለውን የላስቲክ ጎማ በፍትጊያ ነው የሚነዳው። ዘይት ወይም ውሃ ከገባበት ይንሸራተታል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ለቆዳው ከመጠን በላይ የተጨመረ ዘይት ነው። ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የቆዳውን ጎማ ያውጡ፣ የሚፋተጉትን ሁለት ቦታዎች በአልኮል ይጥረጉ፤ የላስቲኩ ጎማ ካብለጨለጨ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ያሹት። ከዚያ በኋላም ከቆመ ሞተሩን ወደ ጎማው የሚገፋው ስፕሪንግ ደክሞ ሊሆን ይችላል።

ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ድንጋዩ የሚቆም ከሆነ ግን የሚጫኑት ከልክ በላይ ነው። በዚህ ፍጥነት ጉልበት ሥራውን አያፈጥነውም።

ስለቱ በጥሩ ሁኔታ ወጥቶ በሁለት ቀን ይዶለዱማል። ለምን?

ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ በብዛት የሚገኘው ያልጠፋ ትርፍ ብረት ነው። ቆዳው ላይ አንዱን ጎን ብቻ ከወለወሉ ትርፉ ወደ ሌላው ይታጠፋል እንጂ አይወድቅም። ጎን እያፈራረቁ፣ ጫናውን እየቀነሱ ይጨርሱ። ሁለተኛው ቆዳውን ከድንጋዩ በሰፋ ማዕዘን መያዝ ነው። በእጅ ሲወለውሉ እጅ ሳይታወቅ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ቆዳው ድንጋዩ ያወጣውን ስለት ያከበዋል። ቆዳው በኩልም የመደገፊያ ዘንግና ያንኑ መያዣ ይጠቀሙ፤ ማርከሩ እዚህም ይሠራል።

ሦስተኛው አጠቃቀሙ ነው። በመስተዋት፣ በእምነበረድ ወይም በብረት ትሪ ላይ የሚቆርጥ ቢላ ምንም ያህል ቢሳል አይቆይም። የእንጨት መክተፊያ ያስፈልገዋል። ከማንኪያና ከሹካ ጋር መሳቢያ ውስጥ የሚጣልም እንዲሁ።

ስለቱ ከእጀታው አጠገብ ጎድጉዷል። መክተፊያውን በሙሉ አይነካም።

በእያንዳንዱ ጉዞ መጀመሪያ ላይ እጅ ስለሚዘገይ ድንጋዩ እዚያው ብዙ ይበላል። ቢላው እጀታው ሥር ወፍራም የብረት አንገት ካለው ደግሞ ያ ክፍል ድንጋዩን ስለማይነካ አጠገቡ ያለው ብቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሽንኩርት ሲከትፉ ሳይቆረጥ ተያይዞ የሚቀረው በዚህ ነው። ለማስተካከል ቢላውን በ90 ዲግሪ፣ ስለቱን ወደ ድንጋዩ ቀጥ አድርገው በቀስታ በማሳለፍ መስመሩን እንደገና ያቅኑ፤ ይህ የሚሠራው ድንጋዩ ከስለቱ ሲሸሽ ብቻ ነው። ወፍራሙን አንገትም ከስለቱ መስመር በላይ እንዲሆን ጥቂት ይቀንሱለት። ከዚያ ማዕዘኑን እንደ አዲስ ያውጡ። ለወደፊቱ እጅዎ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ስለቱን ያሳርፉ።

ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላስ?

ድንጋዩ ላይ አይሳልም፤ ጥርሱን ያጠፋዋል። ጥርስ በሌለው ጎን ቆዳው ላይ ብቻ በቀላሉ ይወልውሉት። ጥርሶቹ ከተበሉ በክብ የአልማዝ ሞረድ አንድ በአንድ በእጅ ይሠራሉ።

ከሥራ በኋላ ምን ላድርግ? ምንስ ያህል ጊዜ ልፈታው?

ማሽኑን ያጥፉና ገንዳውን ያውጡ። ገንዳው ውስጥ ማግኔት ካለ የብረቱን ዱቄት ይሰበስበዋል፤ በጨርቅ ያጽዱት። የቀረውን ጭቃ ወደ ልብስ ማጠቢያ ወይም ወደ ሽንት ቤት አይድፉት፤ ቱቦ ውስጥ ይጋገራል። በአሮጌ ባልዲ አሳድረው ላዩን ውሃ ይድፉ፣ ዝቃጩን ከቆሻሻ ጋር ይጣሉ። ድንጋዩ በራሱ ጊዜ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ጋራዥ ውስጥ የሚያስቀምጡ ከሆነ በክረምት ድንጋዩን አውጥተው ቤት ያስገቡት፤ የጠጣው ውሃ በረዶ ሲሆን ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል።

በዓመት ሁለት ጊዜ ድንጋዩን ይፍቱ። በአንዳንድ ማሽኖች የሚይዘው ዳዶ የግራ ጥርስ ስላለው ከመታገልዎ በፊት መመሪያውን ይመልከቱ። ድንጋዩ የተቀመጠበት ዘንግ ዝጎ ከተጣበቀ በመዶሻ አይምቱት፤ ዝገት የሚያለቅ ዘይት ዘንጉ ላይ ብቻ ጠብ አድርገው አንድ ቀን ይጠብቁት። ዘንጉን አጽድተው ስስ ግሪስ ይቀቡ፣ መልሰው ሲገጥሙ ዳዶውን በእጅ ብቻ ያጥብቁ፤ በቁልፍ የተጨቆነ ድንጋይ ከመሃሉ ይሰነጠቃል። መብራት በሥራ መሃል ከጠፋም ማብሪያውን ወዲያው ያጥፉ፤ መብራቱ ሲመለስ ሰው በሌለበት ቢላ እንደተያዘ የሚነሣ ማሽን አለ።

ድንጋዩ መቼ ይቀየራል?

ባለ 250 ሚሊ ሜትሩ እስከ 180 ገደማ ሊያገለግል ይችላል። እየጠበበ ሲሄድ የፊቱ ፍጥነት ስለሚቀንስ ሥራው ይዘገያል፣ ተዳፋቱም ይበልጥ ይጎደጉዳል። ገንዳው ወደ ላይ ተነሥቶም ውሃው ካልደረሰበት ጊዜው አልፏል።

ከወደቀ ወይም ከተመታ ደግሞ ዲያሜትሩን አይጠብቁ። በደንብ ካደረቁት በኋላ በመሃል ቀዳዳው በኩል አንጠልጥለው በእንጨት እጀታ ቀስ ብለው ይምቱት። ጤነኛ ድንጋይ እንደ ደወል ይጮኻል። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተሰንጥቋልና አይጠቀሙበት። እርጥብ ድንጋይ ጤነኛ ሆኖም ስለሚታፈን ሙከራው የሚታመነው ሲደርቅ ብቻ ነው።